ሰፊውን አሮጌ ቤት ለሠራተኞች ማደሪያ ስለ መከራየት

መጋዘን ለማሠራት ወይም መኪና ለማስተከል ከሌላ ከተማ ሠራተኞችን ወደ ድሬዳዋ የሚያመጣ ነጋዴ፣ በሆቴል ከማሳደር ይልቅ አንድ ሰፊ ቤት ተከራይቶ ሁሉንም በአንድነት ቢያኖር ወጪው እንደሚቀልለት ያውቃል። ለዚህም የከዚራ የቀድሞ ቤቶች የተመቹ ናቸው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከደረሰ በኋላ በተቆረቆረው በዚህ ሰፈር፣ የቤቶቹ ግድግዳ ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸውም ሰፊ ስለሆነ የከተማውን ሙቀት ይከላከላሉ።

ይሁን እንጂ ተከራዩ ክፍሎቹን ከመቁጠሩ አስቀድሞ ውሃውን ማስላት ይገባዋል። በቤቱ 24 ሰዎች ቢያድሩና ለእያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢመደብ 1,200 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል ነው። ቧንቧው ሁለት ቀን ቢቋረጥ ዐሥራ ሁለት በርሜል ሞልቶ ማቆየት ግድ ይሆናል።

አደጋውም ያለው በዚሁ በርሜል ውስጥ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ለቤት አገልግሎት በተጠራቀመ ውሃ ሲሆን፣ የምትነክሰውም ይልቁንም በቀን ነው። አጎበርን የሌሊት ዕቃ ብቻ አድርገን ስለ ለመድን፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው ሠራተኛ ያለ መከላከያ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አልጋ አጎበር፣ ለእያንዳንዱ በርሜል የሚገጥም ክዳን ይደረግ። እንቁላሉ ከበርሜሉ ጎን ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ውስጡን በብሩሽ መፈግፈግ ያሻል። ግማሹ ሠራተኛ በትኩሳት ከወደቀ ከሆቴል የተረፈው ገንዘብ ምን ይጠቅማል?

የኤሌክትሪኩንም መሥመር ባለሙያ ይመልከተው፤ አሮጌ ሽቦ የብዙ ምድጃ ሸክም አይችልም።

በውሉ ላይ የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር፣ ጣራውን የሚያስጠግነውና የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚያስመጥጠው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ቤቱ በመኖሪያ ቤትነት የሚከራይ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ክፍል ለመክፈል ወይም በር ለመክፈት የሚያስብም ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የተመዘገበ ከሆነ ያለ ፈቃድ ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው።