ዳሚ ላይ ሥራውን የወሰደው ማን ነው?

«አዴር፣ ከሰሉ አለቀ» አለ ልጁ ወናፉን ሳይለቅ። አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ነው፤ ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። ሽማግሌው ቀና አላሉም። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ባሌስትራ ፍም መስሎ ቀልቷል፤ እየቀጠቀጡ መጥረቢያ ሊያደርጉት ነው። ልጁ ወሎዬ ነው፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል በእግሩ የገባ። ሽማግሌው የዳሚ ሰው ናቸው፤ ዳሚ የሶማሌላንድ መዲና የሐርጌሳ አንድ ሰፈር ነው። አማርኛቸውን የለመዱት በስደት ዘመናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በነበረው የሐርቲሼክ መጠለያ ነው። እኔ ሻዬን ይዤ ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ።

«እናንተ ሐበሾች ሥራችንን ጨረሳችሁት» አሉኝ ድንገት።

ወናፉን የሚነፋላቸው ሐበሻ መሆኑን የዘነጉ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ንግግር ሐርጌሳ ውስጥ ሻይ ቤቱም ታክሲውም ውስጥ ይሰማል። ከፊሉ ተረት ነው፣ ከፊሉ እውነት፤ ችግሩ ሁለቱ አብረው መወራታቸው ነው።

«ዳሚ የመጤ ሰፈር ነው»

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ከአጥሩ ጀርባ ኦሮምኛና አማርኛ ሲሰማ ሰፈሩ የስደተኛ ይመስለዋል። የዳሚ ነባሮች ግን ጋቦዬ የሚባሉት ሶማሌዎች ናቸው። ቱማሉ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ማድሂባኑ ቆዳ ይፍቃል፣ ጫማ ይሰፋል። ቋንቋቸው ሶማልኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ያም ሆኖ ትልልቆቹ ጎሳዎች ልጃቸውን አይድሩላቸውም፤ ተደብቀው የተጋቡ እንደሆነም ጠቡ ለቤተሰብ ይተርፋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ስንል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ ነበረው።

«አገሩን ሞሉት»

እ.ኤ.አ. በ2011 የሶማሌላንድ መንግሥት ያለ ሕጋዊ ወረቀት የገቡ የውጭ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ያኔ ሲነገር የነበረው ቁጥር ወደ 80,000 ነው፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነግሯል። ይህን ቁጥር ያመጣው ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነበር። ጠዋት ሸቀጥ ይዞ ውጫሌ ገብቶ ማታ የሚመለሰው፣ ለአንድ ግንባታ መጥቶ የሚሄደው፣ በቡርዖ አልፎ ቦሳሶ ሊወርድና ወደ የመን ሊሻገር ደላላ የሚጠብቀው፣ ልጅ ወልዶ ዐሥር ዓመት የኖረው፣ ሁሉም ባንድ ስልቻ ይታሰራሉ። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተመዝግበው ካርድ የያዙት ከዚያ ቁጥር በእጅጉ ያንሳሉ። ሶማሌላንድ የራሷን ሕዝብ ብዛት የምትናገረው እንኳ በግምት ነው። የባለቤቱ ቁጥር በውል ባልታወቀበት ቤት እንግዳው ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ሻዩን ጋብዙትና ስሙት፤ ማመን ግን አያስፈልግም።

«ሥራችንን ወሰዱት»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ሽማግሌው የሚያማርሩት በከንቱ አይደለም። ዳሚ በእርግጥ ሥራ አጥቷል።

የጫማ ሰፊውን ገበያ ያጠፋው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲበጠስ ይጣላል እንጂ አይሰፋም። የቀጥቃጩን ቢላና መጥረቢያ የተካው ከቻይናና ከዱባይ በኮንቴይነር በርበራ ላይ የሚራገፈው ዕቃ ነው። ፀጉር ማስተካከል ድሮ የጋቦዬ ብቻ ነበር፣ ሌላው ይጸየፈው ነበርና። ገንዘብ እንዳለው ሲታይ ግን መጸየፉ ቀረና ባለ ትልቅ መስታወት ፀጉር ቤቶች ተከፈቱ፤ ባለቤቶቻቸው ከዳሚ አይደሉም።

የቀጥቃጩ ዋና ደንበኛ ደግሞ አርብቶ አደሩ ነው። በግና ፍየሉን ያልሸጠ ሰው መጥረቢያ አይገዛም። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከልክላ እስከ 2009 ስትቆይ፣ የበርበራ ወደብ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ድርቁ መንጋውን ፈጀው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 መባቻ ደግሞ የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሄን በአንድ ሌሊት ነደደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ያላቸውን ሁሉ አጡ። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ የወሎው ልጅ እጅ የለበትም።

ታዲያ ስደተኛው ማንንም አይጎዳም ማለት ነው? እንዲህ የሚሉም አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዛቸው በዶላር የሚከፈል ሰዎች። ይህም ሌላ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 125,000 ኩባውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ፍሎሪዳ ገቡ፤ የማያሚ ከተማ የሠራተኛ ቁጥር በአንዴ 7 በመቶ ያህል ጨመረ። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ ከዐሥር ዓመት በኋላ መርምሮ የነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰበትም አለ። ጆርጅ ቦርሃስ፣ እሱ ራሱ ኩባ የተወለደ፣ ያንኑ መረጃ እንደገና ፈትሾ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ወንዶች ደመወዝ ክፉኛ ወርዷል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ለአገር ሲደመር የማይታይ ጉዳት ለአንድ ጠባብ መንገድ የዕለት እንጀራ ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሐርጌሳ ላይ ፎቅ የሚያሠራው ባለሀብት ይጠቀማል፤ ምግብ ቤቱም፣ የቤት ሠራተኛ የቀጠረችው እመቤትም። የሚጎዳ ካለ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚያድረው የዳሚ ወጣት ነው፤ አሠሪው አጠገቡ ከቆመው ሐበሻ ጋር እያስተያየ ዋጋ ይቀንስበታል። አሠሪው ሐበሻውን የሚመርጠው ብርቱ ነው ብሎ ብቻ አይደለም፤ ክፍያው ቢቀር የሚጮህለት ስለሌለው ጭምር ነው። በሶማሌ አገር ሰውን የሚጠብቀው ጎሳው ነው። ሰው ሲጎዳ «መግ» የሚባለውን ካሳ ጠይቆ የሚያስከፍል ጎሳ አለ፤ የሌለው ግን በደሉን ይዞ ያድራል። ጋቦዬውም ቁጥሩ አነስተኛ፣ አቅሙ ደካማ ነውና ለደመወዝ ጠብ ሽማግሌ የሚሰበስብለት ጥቂት ነው። ሁለቱ ዋጋ የሚሻሙት በዚህ ደካማ ጎናቸው ነው። ሐበሻው ነገ ቢባረር የዳሚው ልጅ ደመወዝ ከፍ ይል ይሆናል፤ ክፍያ የሚከለክለው ሰው ግን ያው ይኖራል።

«ሁልጊዜ የሚመጡት እነሱ ናቸው»

መንገዱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል። ሐርጌሳ መሐል ከተማ ሐውልት ላይ የተሰቀለች ሚግ አውሮፕላን አለች። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት የያኔው የሶማሊያ ገዥ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ የራሷ ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደበደቡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ ከ200,000 በላይ ሰው ይዞ ውኃው በቦቴ ይመጣለት ነበር። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የላስ አኖድ ጦርነት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ዶሎ ዞን አሻገረ።

አዲስ አበባም ከዚህ ወሬ አልጸዳችም። ጎፋና ጀሞ ውስጥ ኪራይ በተወደደ ቁጥር «ኤርትራውያን ናቸው ያስወደዱት» ይባላል። ወደ ከተማዋ በየዓመቱ የሚገባው የአገሬው ሰውና በበቂ ያልተሠራው ቤት ጥፋት ሲፈለግ ቶሎ ትዝ አይሉም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የሥራ በር መክፈቷን የሚያስታውስም ጥቂት ነው።

«የስደተኛ ካርድ ካገኘህ ካናዳ ነህ»

ይህችኛዋ የልጆቻችን ተረት ናት። ከዓለም ስደተኞች በዓመት ወደ ሦስተኛ አገር የሚወሰዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ሻዬን ጨርሼ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፦ ሐበሻ ሥራውን ከጨረሰው፣ ይህን ሐበሻ ለምን ቀጠሩት?

መዶሻቸውን አሳርፈው ሳቁ። «ልጄ ወናፍ አይነካም፤ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ቱማል እንዳይሉት ፈርቶ ከዳሚ ወዲያ ተከራይቶ ይኖራል» አሉ። ከዚያ ወደ ወሎዬው ዞረው ከኪሳቸው የተጠቀለለ የሺሊንግ ክምር አወጡና፣ «በል ከሰሉን አምጣ፣ እሳቱ ሳይጠፋ» አሉት። ልጁ ባዶውን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።