ከልምምዱ በፊት ማዕዱ ይጠየቅ

የረጅም ርቀት ሯጭ ልምምድ እየጨመረ ሰዓቱ ሲበላሽበት፣ እግሩ ሲከብደው፣ እንቅልፍ አልወስድ ሲለውና በጥቃቅኑ ሲነጫነጭ «ልምምድ በዛበት» ይባላል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተቸኮለ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የስፖርት ሳይንስ ማኅበራት በ2013 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ ሦስት ዓይነት ድካም ለይተዋል። አንደኛው በአጭር እረፍት አልፎ ብቃትን የሚያሳድግ፣ ሁለተኛው ለማገገም ሳምንታት ወይም ወራት የሚፈጅና ትርፍ የሌለው፣ ሦስተኛው ከዚያም የሚረዝመው ከመጠን ያለፈ ልምምድ ሕመም ነው። የመጨረሻው ስም የሚሰጠው የብረት ማነስ፣ ኢንፌክሽንና የምግብ ጉድለት እንደሌሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ከምግቡም መጀመሪያ መጣራት ያለበት ካርቦሃይድሬት ይመስለኛል።

ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን አድርጎ በጡንቻና በጉበት ያከማቻል፤ ክምችቱ ተደማምሮ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ስብ በኪሎዎች ቢቆጠርም ፈጣን ሩጫ በዋናነት የሚነደው በዚህ ጥቂት ክምችት ነው። በ1967 የስዊድን ተመራማሪዎች ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን ከባልደረቦቻቸው ጋር የጡንቻ ናሙና በመርፌ እየወሰዱ ይህን በግልጽ አሳዩ። ካርቦሃይድሬት የጎደለው ምግብ የበሉ ሰዎች በብስክሌት አንድ ሰዓት ገደማ ሲጸኑ፣ ካርቦሃይድሬት የበዛለት ምግብ የበሉት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ጸኑ። የአንድ ቀን ጉድለት ብቻውን አይጎዳም። በቀን ሁለቴ የሚለማመድ ሰው ግን ያጎደለውን ሳይሞላ ያድራል፣ በማግስቱም ከዚያው ላይ ይቀንሳል። አሜሪካዊው ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ በ1988 ያሳተሙት ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለት ዋናተኞች ለአሥር ቀናት የዕለት ርቀታቸውን በእጥፍ ሲጨምሩ አራቱ አልቻሉትም። የአራቱ ጡንቻ ግላይኮጅን ዝቅተኛ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት የበሉት ካርቦሃይድሬት በቀን አምስት ግራም ገደማ ሲሆን የቀሩት ስምንት ግራም ያህል በልተዋል። ልምምዱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ሰውን የለየው ማዕዱ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ተመራማሪዋ አን ስናይደር ለብስክሌተኞች ካርቦሃይድሬት እየጨመረች ልምምዱን ስታከብድባቸው ግላይኮጅናቸው ሳይጎድል ደክመዋል። በ2004 በእንግሊዝ በሯጮች ላይ የተደረገ ጥናትም ካርቦሃይድሬት መጨመር የብቃትንና የስሜትን መውረድ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አላስቀረም። እንግዲህ ባዶ ጡንቻ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ እንቅልፍ፣ ጭንቀትና የልምምዱ ክብደት ራሱ ድርሻ አላቸው። ይህ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም። ምግብ ከመጠን ያለፈ ልምምድን ሁሉ ይፈውሳል አልተባለም፤ ጉድለቱ ሳይጣራ የሚሰጥ ፍርድ አይታመንም ነው የተባለው። ሰውነት ስብ ማቃጠል ቢለምድስ የሚሉም አሉ። ተመራማሪዋ ሉዊዝ በርክ በ2017 በምርጥ የእርምጃ ተወዳዳሪዎች ላይ ሞክራዋለች፤ ስብ ማቃጠላቸው ጨመረ፣ ለአንድ ፍጥነት የሚፈልጉት ኦክስጅን ግን በዝቶ የውድድር ሰዓታቸው አልተሻሻለም።

የኢትዮጵያ ማዕድ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። በ2011 በታተመ ጥናት አሥር ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ኃይላቸውን 64 ከመቶ ከካርቦሃይድሬት ያገኙ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ወደ 9.7 ግራም ማለት ነው። ይህ እጅግ ለከበደ ልምምድ ከሚመከረው ከ8 እስከ 12 ግራም ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የምርጦቹን ማዕድ የጀማሪው አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። በራሱ ወጪ የሚለማመድ ወጣት እንጀራው ስላለ ብቻ መጠኑ ይበቃዋል ማለት አይቻልም፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። በጾም ወራት ጥያቄው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ ሽሮና እንጀራ ካርቦሃይድሬት አያንሳቸውም፣ የጠዋት ልምምድ ጨርሶ እስከ ቀትር በኋላ ሳይበላ የሚቆይ ጡንቻ ግን ከሁሉ ፈጥኖ የሚሞላበትን የመጀመሪያ ሰዓታት ያጣል። ጿሚውን አትሌት ጾሙን ተው ከማለት ከባዱን ልምምድ ጾሙ ወደሚፈታበት ሰዓት ማስጠጋት ይሻላል። ሁለት ሳምንት በቂ በልቶና ልምምዱን ቀንሶም ሰዓቱ ካልተመለሰ፣ ቀጣዩ እርምጃ የብረት መጠኑን በደም ምርመራ ማየት ነው።