ሙቅ ውኃ ለምን ይዘገያል?

ማለዳ ሻወሩን ከፍቶ፣ እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ሙቁን ውኃ ያልጠበቀ ማን አለ? ቦይለሩ ሌሊቱን ሲያሞቅ አድሯል፤ የሚወርደው ውኃ ግን ቀዝቃዛ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ጎረቤቴ በዚህ ተማርሮ ቦይለሩን በትልቅ ሊለውጥ ተነሥቶ ነበር። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ነገሩን በስሌት እንመርምረው አልሁት።

በቤቱ ከቦይለሩ እስከ መታጠቢያው የተዘረጋው 15 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 3 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ይህ ውኃ ሌሊት ሙቀቱን ለግድግዳውና ለአየሩ ሰጥቶ ቀዝቅዟልና፣ ሙቁ ከመድረሱ በፊት መውጣት አለበት። ሻወሩ በደቂቃ 6 ሊትር ቢያወርድ ጥበቃው በግማሽ ደቂቃ ሊያበቃ በተገባ ነበር። ባልዲና ሰዓት ይዘን ስንለካ ግን ሙቁ ውኃ የመጣው 5 ሊትር ያህል ከወረደ በኋላ ነው። ሁለቱ ትርፍ ሊትሮች ከየት መጡ?

ምክንያቱ ቧንቧው ራሱ ነው። የ15 ሜትሩ ብረት 18 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ኪሎ ግራም ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ከፍ እንዲል 460 ጁል ገደማ ሲፈልግ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ውኃ 4,200 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ብረት የሚወስደው ሙቀት 2 ሊትር ውኃ ከሚወስደው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከቦይለሩ የሚነሣው ውኃ በመንገዱ ያገኘውን ብረት እያሞቀ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ሻወሩ ጋ ቀድሞ የሚደርሰውም ይኸው ሙቀቱን ያስረከበው ውኃ ነው። በዚህ ቤት ውኃው 5 ሜትር ሲጓዝ ሙቀቱ የሚጓዘው 3 ሜትር ብቻ ነው። (ተማሪዎች ይህን በየቤታቸው በባልዲ ሊፈትኑት ይችላሉ።)

ጎረቤቴ ቀጥሎ ያሰበው ቧንቧውን በሰፊ መለወጥ ነበር። ይህ ግን ነገሩን ያብሰዋል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚቀመጠው ውኃ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ያድጋልና። በባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውኃ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። ግፊት ሲቀንስም እንዲሁ መከራ ነው፤ በደቂቃ 2 ሊትር ብቻ ከወረደ 5 ሊትሩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ በመንገድ ይባክናል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራት ሰዎች በየተለያየ ሰዓት ቢታጠቡ በከንቱ የሚፈሰው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ሻወሩ ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ሙቀትም ቀላል አይደለም፤ ውኃው 60፣ አካባቢው 20 ዲግሪ ቢሆን 0.23 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧውን ሙቀት በሚከላከል ነገር መጠቅለል በሩብ ሰዓት ውስጥ ተከትሎ ለሚታጠብ ሰው ይጠቅማል፤ ለማለዳው የመጀመሪያ ታጣቢ ግን እምብዛም አይረዳም።

ጎረቤቴ በመጨረሻ አሮጌውን ቦይለር ከመታጠቢያው 4 ሜትር ርቀት ላይ አሰቀለው። አሁን የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም።