ብዙ ዓይን፣ አንድ ቅጽበት

ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ፣ ካሜራዎችን በረድፍ ደርድሮ፣ የሚጋልበው ፈረስ በጎዳናው ላይ የተዘረጋውን ክር እየበጠሰ ባለፈ ቁጥር እያንዳንዱ በየተራው እንዲያነሣ ባደረገ ጊዜ፣ አራቱም ኮቴዎች ከምድር የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩን በግልጽ አስረዳ። በዘመናችን የሰውን ሙሉ አካል በኮምፒዩተር ለመቅረጽ የሚተጉ ጠበብት ግን የሚሹት ተራን ሳይሆን ኅብረትን ነው፤ ይኸውም በሰውየው ዙሪያ በየምሰሶው የተተከሉ መቶ ያህል ካሜራዎች በአንዲት ቅጽበት ሲያነሡ፣ አንዲቱ የሸሚዝ ቁልፍ ከብዙ አቅጣጫ ታይታ ትክክለኛ ስፍራዋ በማዕዘናት ስሌት እንዲታወቅ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ራስበሪ ፓይ፣ ወጣቶች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩባት ታስባ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተነደፈች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ለገበያ የቀረበች፣ መላ አካሏ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያረፈ፣ ስፋቷም የመታወቂያ ካርድ ያህል የሆነ ኮምፒዩተር ናት፤ በማግሥቱም ዓመት ባለ 5 ሜጋፒክሰል ካሜራ ተሠራላት። አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር መቶውን ካሜራ ብቻውን ልሸከም ቢል መስመሩ ይጨናነቅበታል፤ ለእያንዳንዱ ካሜራ የየራሱ ኮምፒዩተር ሲሰጠው ግን ፎቶግራፉን በገዛ ራሱ ዘንድ ስለሚያኖር፣ በማንሻው ሰዓት በኔትወርኩ የሚያልፈው አጭር ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። ተስማሚ የኔትወርክ ስዊችና የኤሌክትሪክ መቀበያ ከተገኘም ኤሌክትሪኩ በዚያው በኔትወርኩ ኬብል ይመጣል።

የአንዱ ኮምፒዩተር ሚሞሪ ካርድ ይዘት ለሁሉም ስለሚገለበጥ፣ መቶዎቹ ሁሉ በአንድ ስም ይነቃሉ፤ አንዱ ዝም ያለ እንደ ሆነ የትኛው መሆኑን መለየት ጭንቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲነቃ ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ ቁጥር አንብቦ፣ ሁሉንም በሚያዘው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር መዝገብ በዚያ ቁጥር አንጻር የተጻፈለትን ስም እንዲይዝ ማድረግ፣ ስሙንም በምሰሶው ላይ መለጠፍ ይገባል። ይህን ሥርዓት ከካሜራው ጥራት አስበልጬ አየዋለሁ፤ ያለዚያ የግራ ትከሻው መጉደሉ የሚታወቀው ሰውየው ከተሰናበተ በኋላ ነውና።

ዋናው ምሥጢር ግን ጊዜ ነው። ማዕከላዊው ኮምፒዩተር ትእዛዙን ለእያንዳንዱ በየስሙ ሳይሆን እንደ አዋጅ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ያሰማል፤ ሆኖም ባንድነት መስማት ባንድነት ማየት አይደለም። በሰከንድ 30 ጊዜ የሚያነሣ ካሜራ የራሱን ዑደት ስለሚከተል፣ በአንዱና በሌላው መካከል እስከ 33 ሚሊሰከንድ የሚደርስ ልዩነት ይገባል፤ በሰከንድ አንድ ሜትር የምትንቀሳቀስ እጅም በዚያች ልዩነት ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ትሄዳለችና፣ ጣቶቹ ተደራርበው ወይም ተቆርጠው ይወጣሉ። ሰዓቶቹን ከማዕከላዊው ጋር አስማምቶ፣ «አሁን» በማለት ፈንታ «በዚህች ሰዓት» ብሎ ማዘዝ ትእዛዙን ያስተካክላል እንጂ የካሜራውን ዑደት አይገዛም።

ስለዚህ እኔ የማምነው የብርሃንን ዳኝነት ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ ካሜራዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እንዲቀበሉ ይደረጋሉ፣ ሁሉም ክፍት በሆኑበት ሰዓት ፍላሹ አንድ ጊዜ ይበራል፤ ያን ጊዜ መቶው ካሜራ አንድ ልብ መካሪ፣ አንድ ቃል ተናጋሪ ይሆናል። የብርሃኑ መጠንና የቀለሙ ሚዛን ግን አስቀድሞ በሁሉም ላይ በአንድ ልክ ካልታሰረ፣ ያው ጉንጭ በአንዱ ጠይም በሌላው ቀይ ሆኖ ይወጣና፣ ፎቶግራፎቹ በተጋጠሙበት ስፍራ በፊቱ ላይ መስመር ይቀራል።