ሕግ ለተገዢም ለገዢም ጋሻ ስለ መሆኑ

የሕግ የበላይነት ማለት ሹመት ያለውም ሹመት የሌለውም ሰው ሁሉ አስቀድሞ ለታወጀ ሕግ መታዘዙ ነው። ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ ደካማው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ቢጮኽ፥ ጉልበተኛው እጁን መሰብሰብ ይገባዋል፤ ባይሰበስብ ግን ሰው በመምታቱና ሕግን በመድፈሩ በሁለቱም ይነቀፋል። አባቶቻችንም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ ተርተዋል። ይህም ማለት ሰውን እጅግ የሚያስመርረው ከጉዳቱ ብዛት ይልቅ ግፉ ነው ማለት ነው።

ሕግ ለሕዝብ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥትን የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፥ ከ51ዱ አንቀጾች 43ኛው ስለ ዳኞች፥ 44ኛው ስለ ነገሥታት የተጻፈ ነው። እንግዲህ ለፈራጁም ለንጉሡም ሥርዓት ተሠርቶላቸዋል።

ይሁን እንጂ ገዢው ሕጉን ቢተላለፍ የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ ሳይወሰን ብዙ ዘመን አለፈ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይታሰርና እንዳይቀጣ ደነገገ። ዳሩ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይከራከሩት መሆኑን በዚያው ጻፈ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ይህን ቃል አጸናው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደ ጊዜ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። ኅዳር 14 ቀንም ስድሳ የሚያህሉ ሰዎች፥ የሚበዙቱ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና የጦር አለቆች፥ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ትናንት ያዝዙ የነበሩት በዚያች ሌሊት «በሕግ አምላክ» ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። ስለዚህ ሕግ የሹምን እጅ ቢይዝበትም፥ ሹመቱ ባለፈ ዕለት ነፍሱን የሚጠብቅለት እርሱው ነው።

ሕግ ጋሻ ይሆን ዘንድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። መጀመሪያ፥ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። በጥንት ዘመን ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ይነገር ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ሁለተኛ፥ ዳኛው ከባለሥልጣን ትእዛዝ ነጻ ይሁን። ሦስተኛ፥ ሹሙ ለሠራው ሥራ ይጠየቅ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ማንኛውም ባለሥልጣን ለሕገ መንግሥቱ እንዲገዛ፥ በአንቀጽ 12 ሹም ተጠያቂ እንዲሆን፥ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንዲሆኑ፥ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር ሌላ እንዳይመራው ይደነግጋል። ሆኖም የሚጠብቀው ሰው ያላገኘ ሕግ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጠባቂውም የሚወጣው ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ የክፍላችሁን ሥርዓት በዓመቱ መጀመሪያ በሰሌዳ ጽፋችሁ አንብቡላቸው፤ የሁለቱን ወገን ቃል ሳትሰሙ ማንንም አትቅጡ፤ ያወጣችሁትንም ሥርዓት እናንተ ቀድማችሁ ጠብቁ። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ ለዕርቅ በተቀመጣችሁ ጊዜ የባለጸጋውንና የድኻውን ነገር በአንድ ሚዛን መዝኑ፤ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ቆመው ያያሉና።