የማርሽ ዘንግን ወደ ቦታው ስለ መመለስ
ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ

በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት የጣሊያን አውቶሞቢሎች አንዳንዶቹ ማርሻቸው የሚለወጠው በዘንግ አይደለም። ነጂው ከመሪው በስተ ኋላ ያሉትን፣ መቅዘፊያ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ማንሻዎች በጣቱ ሳብ ሲያደርግ ኮምፒዩተር ትእዛዙን ተቀብሎ በዐይን ጥቅሻ ማርሹን ይለውጥለታል። ይሁን እንጂ ከነዚህ አውቶሞቢሎች ባለቤቶች መካከል ብዙ ገንዘብ ከፍለው ይህን ፈጣን መሣሪያ የሚያስወልቁ አሉ። በምትኩም እንደ ማንኛውም የጭነት መኪና ፍሪሲዮን በእግር የሚረገጥበትን፣ ዘንግ በእጅ የሚገፋበትን የቀድሞውን ዘዴ ያስገቡበታል። ነገሩ ሲሰሙት ሞኝነት ይመስላል። እኔም ምክንያቱን ለማወቅ ፈልጌ የተረዳሁትን፣ ሥራውም እንዴት እንደሚከናወን፣ ለመጽሔታችን አንባቢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካምቢዮ ለምን ያስፈልጋል?

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልናገር። በአገራችን መካኒኮች ዘንድ የተለመዱት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ የሚባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የምጽፍለት አውቶሞቢል የሩቅ አገር ቢሆንም የዕቃዎቹ ስም በየሰፈራችን ጋራዥ በየቀኑ የሚጠራ ነው።

የቤንዚን ሞተር በማናቸውም ፍጥነት እኩል ጉልበት አይሰጥም። በጣም በዝግታ ሲዞር ደካማ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ይበረታል። ለምሳሌ ፌራሪ ኤፍ 430 የተባለው አውቶሞቢል ስምንት ሲሊንደርና 4.3 ሊትር ሞተር ያለው ሲሆን 490 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8500 ጊዜ ሲዞር ነው። ጎማ ግን ይህን ያህል ሊዞር አይችልም፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣማ ጎማው ገና መዞር አልጀመረም። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ትልቅና ትንሽ ሆነው የተሠሩ ባለ ጥርስ መዘውሮች መግባት አለባቸው። እነርሱን የያዘው ሣጥን ካምቢዮ ይባላል። ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ ቀላሉን ጥርስ እንደሚመርጥ፣ ሜዳ ሲደርስም ወደ ከባዱ እንደሚያዛውር፣ አውቶሞቢልም በአንደኛ ማርሽ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል።

ነገር ግን መዘውሮቹ በሞተሩ ኀይል ተወጥረው ሳለ ማርሽ መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ የተበጀው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን በሞተሩ ቮላኖና በካምቢዮው መካከል ተጣብቆ የሚዞር ዲስክ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቅና ኀይሉ ይቋረጣል፤ በዚያው ቅጽበት ማርሹ ይለወጣል፤ እግር ቀስ ብሎ ሲነሣ ደግሞ ዲስኩ ተመልሶ ይያያዛል።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ በሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ሄጄ ለጥገና የተፈታ የሚኒባስ ካምቢዮ እንዲያሳዩኝ መካኒኩን ለመንኋቸው። እርሳቸውም እጄን በጨርቅ ጠቅልለው በውስጡ ያለውን ሹካ መሳይ ብረት አስያዙኝ። ሹካውን ወደ ፊት ስገፋው አንዱ ቀለበት ተንሸራትቶ ከመዘውሩ ጋር ቀጭ ብሎ ተያያዘ፤ ወደ ኋላ ስስበው ከሌላው ጋር ተያያዘ። የማርሽ ዘንግ ሥራው ይህን ሹካ መግፋትና መሳብ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ሹካ በልቡ ቢይዝልኝ መልካም ነው።

መቅዘፊያው ከየት መጣ?

በ1989 የፌራሪ የእሽቅድምድም ቡድን 640 የተባለውን መኪና ይዞ ቀረበ። መኪናውን የነደፈው ጆን ባርናርድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ባርናርድ የማርሹን ዘንግ ከነጂው አጠገብ አስወግዶ ማርሹ በመሪው ላይ በተተከሉ ማንሻዎች፣ በኤሌክትሪክና በዘይት ግፊት እንዲለወጥ አደረገ። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ ደጋግሞ ስለ ተበላሸ ውድድሩን ይጨርሳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደረግ ናይጄል ማንሰል በዚሁ መኪና አሸነፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎቹም ቡድኖች ዘዴውን ተከተሉ።

በ1997 ይኸው ዘዴ ለሕዝብ በሚሸጥ ፌራሪ ላይ፣ ይኸውም በኤፍ 355 ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገጠመ። ቀጥሎም በ1999 በወጣው 360 ሞዴና፣ በ2004 በወጣውም ኤፍ 430 ላይ ተሻሽሎ ቀረበ። በጀርመን አገርም ቢ ኤም ደብሊው ከ2001 ጀምሮ ለኤም 3 አውቶሞቢሉ ተመሳሳይ መሣሪያ አቀረበ።

አሁን ዋናው ነጥብ ይህ ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ለመቅዘፊያው ብለው አዲስ ዐይነት ካምቢዮ አልፈጠሩም። ባለ ዘንጉ መኪና የሚይዘውን ያንኑ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ወስደው በሰው እጅና እግር ምትክ የዘይት እጅ ሰጡት። በኤሌክትሪክ የሚዞር ፖምፓ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ያከማቻል፤ ኮምፒዩተሩ ቫልቮቹን ይከፍታል፤ ዘይቱም አንዱን ፒስተን ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል፣ ሌላውን ገፍቶ ያንን ሹካ ያንቀሳቅሳል። በኤፍ 430 ይህ ሁሉ 150 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል። ሹካው፣ መዘውሮቹና ዲስኩ ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። እንግዲህ የዘይቱን እጅ አንሥቶ የሰውን እጅ መመለስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። በእነርሱ አንዱ ፍሪሲዮን አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ማርሽን፣ ሌላው ሁለተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛን ይይዛል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይቀበላል። አንድ ነጂ በአንድ እግር ሁለቱን ሊያዝዝ ስለማይችል ዘንግ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ካምቢዮውን በሙሉ መለወጥ አለበት። በ2009 የወጣው ፌራሪ 458 የዚህ ዐይነት ነው፤ ፋብሪካውም ባለ ዘንግ አድርጎ አልሸጠውም።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አጎቴ በጀርመን አገር በአንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናቸው። ይህን ሥራ በአንድ ኤፍ 430 ላይ ሲሠሩ በየማታው በስልክ ምስል እያሳዩ አስረድተውኛል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ የተከማቸው ዘይትም ግፊቱ እንዲወርድ ይደረጋል። ግፊት ያለበትን የዘይት ቧንቧ መፍታት ሰውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ሁለቱ ፔዳሎች ከነመያዣቸው ወጥተው ሦስት ፔዳል ያለው መያዣ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ለመግፋት አንድ ትንሽ የዘይት ሲሊንደር ከፔዳሉ ጋር ይያያዝና ቧንቧው እስከ ካምቢዮው ይዘረጋል። በመጨረሻም በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር በሙሉ መውጣት አለበት። አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም ዲስኩ በሚገባ አይላቀቅም።

ሦስተኛ፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል የማርሹ ዘንግ ይተከላል። በፌራሪ ልማድ ዘንጉ የሚሄድባቸው መንገዶች የተቆረጡበት የብረት ሳህን ከላይ ይደረግበታል። በኤፍ 430 ሞተሩ ከነጂው በስተ ኋላ፣ ካምቢዮውም ከሞተሩ በስተ ኋላ ስለ ሆነ፣ የእጁን እንቅስቃሴ የሚያደርሱት ረጃጅም የብረት ገመዶች ናቸው። የገመዶቹ ርዝመት በጥንቃቄ ካልተስተካከለ ዘንጉ ሦስተኛ ላይ ሆኖ ሳለ ማርሹ በግማሽ ብቻ ሊገባ ይችላል።

አራተኛ፤ ከካምቢዮው ላይ ሹካውን የሚገፋው የዘይት መሣሪያ ይፈታል፤ በቦታውም ገመዶቹ የሚታሰሩበት መግፊያ ይገባል። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑ ዲስክና ኩሽኔታው ይመረመራሉ፤ ያለቀም ካለ ይለወጣል።

አምስተኛ፤ የማያስፈልገው የዘይት ዕቃ ይወጣል። እዚህ ላይ ኤፍ 430 ከ360 ይለያል። በኤፍ 430 የኋላውን ዲፈረንሻል ኮምፒዩተር በዘይት ግፊት ያዝዘዋል፤ ግፊቱንም የሚያገኘው ማርሹን ከሚለውጠው መሣሪያ ጋር በጋራ ነው። ስለዚህ ፖምፓውን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ የሚጥል ሰው ዲፈረንሻሉን ያለ ኀይል ያስቀረዋል። አጎቴ ፖምፓውን ትተው ወደ ካምቢዮው የሚሄዱትን ቧንቧዎች ብቻ ደፈኑ።

ስድስተኛ፤ ኮምፒዩተሩ እንዲያውቅ ይደረጋል። የሞተሩ ኮምፒዩተር ከካምቢዮው ኮምፒዩተር መልእክት መጠበቅ የለመደ ነው፤ መልእክቱ ሲቀርበት የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ ሞተሩንም ላያስነሣ ይችላል። ስለዚህ የባለ ዘንጉን መኪና ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ነጩን መብራት የሚያበራው ማብሪያም እንደ ገና ይያያዛል።

ሰባተኛ፤ መኪናው በማንሻ ላይ ሳለ ማርሾቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ ከዚያም በባዶ ግቢ፣ ቀጥሎ በዳገት ላይ፣ በመጨረሻም በመንገድ።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር

በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች በጣም ከባድ መስለው ታይተውኛል። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል የሚገባበት መያዣ የፍሬኑንም ፔዳል ይይዛል። የፍሪሲዮን ብልሽት መኪናውን መንገድ ዳር ያስቆመዋል፤ የፍሬን ብልሽት ግን አያስቆመውም። አጎቴ የመያዣውን ቡሎኖች በመለኪያ ቁልፍ ካጠበቁ በኋላ ባልደረባቸውን ጠርተው «እኔ እንዳልነካሁት አድርገህ አንተ እንደ ገና ለካው» አሉት። በጀርመን አገር እንዲህ ያለ ለውጥ የተደረገበት መኪና በተፈቀደለት መርማሪ ታይቶ ሳይመዘገብ በመንገድ ላይ ሊሄድ አይገባውም። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው።

ሁለተኛው እውነተኛነት ነው። ከፋብሪካው ባለ ዘንግ ሆነው የወጡት ጥቂቶች ስለ ሆኑ ዋጋቸው ከባለ መቅዘፊያዎቹ ይበልጣል። እንግዲህ የተለወጠውን መኪና «ከፋብሪካ እንዲሁ የወጣ ነው» ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው። ሐቀኛ መካኒክ የሠራውን ሁሉ በጽሑፍ ይመዘግባል፤ የወጡትንም ዕቃዎች በሣጥን አድርጎ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ የሚገዛውም ሰው አውቆ እንዲገዛ፣ ቢፈልግም ወደ ቀድሞው እንዲመልሰው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ፍጥነት አይደለም። የሰው እጅ በ150 ሚሊሰከንድ ማርሽ ሊለውጥ አይችልም፤ ለመቅደም የሚፈልግ ሰው መቅዘፊያውን ቢተው ይጎዳል። ከምክንያቶቹ አንዱ ጥገና ነው፤ መኪናዎቹ እያረጁ ሲሄዱ የዘይቱ ፖምፓ፣ ቫልቮቹና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ ይደክማሉ፣ ዋጋቸውም ከፍተኛ ነው፤ ገመድና ፔዳል ግን ብዙ አይታመሙም። ሌላው ምክንያት የነጂው ፍላጎት ነው። ባለቤቱን አጎቴ በጠየቋቸው ጊዜ «መኪናው ሲሄድ እኔም ሥራ እንዲኖረኝ ነው» ብለው መለሱ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሒሳብ መምህራችን ማስሊያ መሣሪያ ከማስነካታቸው በፊት በእጃችን እንድንሠራ የሚያስገድዱን መሣሪያው ስለሚሳሳት አይደለም፤ እኛ መንገዱን ሳናውቅ ውጤቱን ብቻ እንዳንቀበል ነው። መሣሪያ ሥራችንን ሲወስድልን ድካሙን ያቀልልናል፤ ከድካሙ ጋር ግን ዕውቀቱንም ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ስል መቅዘፊያውን መናቄ አይደለም፤ ባርናርድ የሠራው ድንቅ ሥራ ነው፤ የዘንጉንም አሠራር በሚገባ ያላወቀ ሰው ሊሠራው ባልቻለም ነበር።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። መንግሥታችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ደግሞ አብዛኞቹ ባለ አንድ ደረጃ መዘውር ብቻ ስለሆኑ ፍሪሲዮንም የማርሽ ዘንግም የላቸውም። አየራችን ከጭስ ቢጠራ ደስ ይለናል። ሆኖም ዛሬ በየጋራዡ ተፈትቶ የሚታየው ካምቢዮ ታናናሾቻችን ሲያድጉ እንደ ልብ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በተለይም መሐንዲስ ለመሆን የምታስቡ፣ በዚህ ክረምት አንድ ቀን ወደ ሰፈራችሁ ጋራዥ ሂዱና ፈቃድ ጠይቃችሁ ሹካውን በእጃችሁ ግፉት። መካኒኮቹም የሚጠይቃቸው ተማሪ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።