የካራው ጭራ ሲሰበር

የ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ተገባድዶ ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር የቤት እመቤቶች ሽንኩርቱንና ቅቤውን ሲያሰናዱ፣ አባወራዎች ደግሞ ካራቸውን ከሰገባው መዝዘው ስለቱን በአውራ ጣታቸው መፈተን ይጀምራሉ። ስለቱ ዶልድሞ ቢገኝ ሞረድ ይበቃዋል። እጀታው ከተነቃነቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ የማይታየው የብረቱ ጭራ ከአንገቱ ላይ ተሰብሯል ወይም ሊሰበር ተቃርቧል ማለት ነው።

ጭራው በአንድ ቀን አይሰበርም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ካራው ታጥቦ ሳይደርቅ ሲቀመጥ፣ ውሃውና ደሙ በእጀታው ቀዳዳ ሰርጎ ብረቱን በዝገት ይበላዋል። አንዳንዴም ጥፋቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ስለቱ ውሃ ሲጠጣ አንገቱም አብሮ ከጠጣ፣ ብረቱ ጠጣር ይሁን እንጂ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። በካራ አጥንት መፍለጥና ማገዶ መሰንጠቅ ደግሞ (ይህን የማያደርግ ቤት ካለ ምስጋና ይገባዋል) የቀረውን ይጨርሰዋል።

ይህ እንደ ተራ ነገር የሚታይ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ጉዳይ አንሥቶ፣ ሳያስብ ነፍስ ላጠፋው መማፀኛ ከተማ ይሰጠዋል። በቅርጫ በሬ ዙሪያ ስንት እጅ እንደሚተራመስ የሚያውቅ ሰው የሕጉን ሥጋት በቀላሉ ይረዳዋል። ስለዚህ የተነቃነቀን እጀታ በሽቦ ወይም በጎማ ጠፍሮ በዓሉን ማለፍ አይመከርም።

ሁነኛው ጥገና የሚገኘው ከባለ እጁ ወናፍ ዘንድ ነው። ባለ እጁ የካራውን ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል አግሎ፣ ግራና ቀኙን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ከራሱ ከካራው አዲስ ጭራ ያወጣል። ካራው ያጥራል፤ ብረቱ ግን ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል። ስለቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መቆየት አለበት። ሙቀቱ ሲዛመት የጸዳ ብረት መልኩን ይለውጣልና፣ በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ መልክ፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ስለቱ ድረስ ከደረሰ ካራው ከእንግዲህ ስለት አይዝም። ጭራው ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ እንዲሆን ይደረጋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነውና። ከዚያም አንገቱ ውሃ ሳይነካው በትኩስ አመድ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ይበርዳል። በመጨረሻም ጭራው ግሎ፣ ጠበብ ተደርጎ የተበሳውን የወይራ እጀታ ቀዳዳ እያቃጠለ ይገባል።

በከተማ የኤሌክትሪክ ብየዳ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሆኖም ብዙው ካራ የሚሠራበት የመኪና ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት ብረት በመሆኑ፣ ከብየዳው በኋላ ቶሎ ከቀዘቀዘ ከመጋጠሚያው ጎን ይሰባበራል። በያጁ ብረቱን አስቀድሞ ካሞቀውና በኋላም በአመድ ካቆየው ሥራው ሊጸና ይችላል። ለእኔ ግን ያጠረው ካራ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ባለ እጅ በአገራችን ለብዙ ዘመን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢቆጠርም ስሙ ከአንደበት ፈጽሞ አልጠፋም። ዶሮውን የሚያርድበትን ካራ ከባለ እጁ እጅ ተቀብሎ፣ ሰውየውን ግን ከማዕዱ የሚያርቅ ቤት ዛሬም አይታጣም። ልጁ ከወናፉ ሸሽቶ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ማን ይወቅሰዋል?

ንቀቱ በጥድፊያም ይገለጣል። ዓመቱን ሙሉ ደጁን ያልረገጠ ሁሉ በበዓል ዋዜማ ካራውን ይዞ ይሰለፋል። ሌሊቱን በአመድ ውስጥ ማደር የሚገባው ብረት በቀዳም ሥዑር ማታ ሲመጣበት፣ ባለ እጁ ወይ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይሰጣል፤ ወይም ባለቤቱን ባዶ እጁን ይመልሳል።